ላይክ ለየትኛው ደቂቃ?

ዩቲዩብ ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል ቃለ ምልልስ ይለቀቃል። እንግዳው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ አፍ ያስከፍታል፤ መሃል ላይ በማያውቀው ጉዳይ ይራቀቃል፤ መጨረሻ ላይ ስለ እናቱ ሲነሳበት ያስለቅሳል። ለዚህ ሁሉ ለተመልካቹ የተሰጠችው አንዲት አውራ ጣት ናት። ሕዝቡ ታዲያ የራሱን መላ ዘይዷል፤ አስተያየት መስጫው ውስጥ ገብቶ «34:10 ላይ ያለውን ስሙት» ብሎ ደቂቃውን በእጁ ይጽፋል። ቁጥሩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ሲነኩት ቦታው ድረስ ይወስዳል። ከሥሩ ሌላው «እኔም እዚህ ጋ ስደርስ አቁሜ አለቀስኩ» ይላል። ቪዲዮ የሚታየው ደቂቃ በደቂቃ ሆኖ ሳለ ስሜታችንን የሚጠይቁን በጅምላ ነው። ይህ የቁልፍ ማነስ ሳይሆን ደህና አድርጎ ያለመጠየቅ ጉዳይ ይመስለኛል።

መጠየቅ ድሮ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፖል ላዛርስፌልድ የተባለው የማኅበራዊ ጥናት ሰውና የራዲዮ ድርጅቱ የሲቢኤስ ባልደረባ ፍራንክ ስታንተን የራዲዮ አድማጮችን አንድ ክፍል ሰብስበው በቀኝ እጃቸው አረንጓዴ፣ በግራቸው ቀይ ቁልፍ አስያዟቸው። የወደደ አረንጓዴውን፣ የጠላ ቀዩን ይጫናል፤ ሁለቱንም ያልነካ፣ ነገሩ አልሞቀውም አልበረደውም ማለት ነው። መሣሪያው ይህን ሁሉ ከፕሮግራሙ እኩል በሚሄድ ጥቅል ወረቀት ላይ ያሰምራል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነው፤ ወረቀቱን ይዘው «እዚህ ጋ ቀዩን የተጫንከው ለምንድነው?» ብለው ሰውየውን ይጠይቁታል።

ይህቺ «ለምን» ዛሬ የለችም። ዩቲዩብ መጀመሪያ አምስት ኮከብ ነበረው፤ አብዛኛው ሰው አምስቱንም እየሰጠ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አውራ ጣት ቀየረው። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ወደ ታች የዞረችውን አውራ ጣት ቁጥር ከሕዝብ ሸሸገ፤ ምክንያቱ በዘመቻ ሰው ማጥቃትን ለመከላከል ነው ተባለ። ባለ ቪዲዮው አሁንም ያየዋል፣ እኛ አናይም። በ2022 የመጣችው ከማጫወቻው መስመር በላይ ብቅ የምትል ኮረብታ ናት። ሰው ደጋግሞ ያየው ቦታ ከፍ ይላል። ምንም ሳይጫኑ ሐሳብ መስጠት! ብልህ ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ኮረብታውን ተከትላችሁ ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የስፖንሰሩ ማስታወቂያ ያለቀበትን ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ ማስታወቂያውን ዘሎ እዚያ ጋ ያርፋላ። ወይም ደግሞ እንግዳው አጉረምርሞ ያልተሰማበት ቦታ ይሆናል። አድናቆትም፣ መሸሽም፣ «ምን አለ?» ማለትም አንድ ኮረብታ ሠርተው ቁጭ ይላሉ።

ስሜትን ከሰከንዱ ጋር የማሰሩን ነገር ከሁሉም በላይ የገፉት ጃፓኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የተጀመረው ኒኮኒኮ የተባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ የተመልካቹ ቃል ከቪዲዮው ሥር አይቀመጥም፤ በተጻፈባት ሰከንድ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሥዕሉን አቋርጦ ያልፋል። ዘፋኟ ስትጨርስ ማያ ገጹ በስምንት ቁጥር ይሞላል፣ 8888888፤ በጃፓንኛ ስምንት ቁጥር ሲነበብ የጭብጨባን ድምፅ ስለሚመስል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያጨበጨበውና ትናንት ማታ ያጨበጨበው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሌሊት ብቻውን የሚያይ ሰው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ብቸኝነትን እንዲህ የሚያስረሳ የቪዲዮ ፈጠራ ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ቻይናዎች ወሰዱት። በ2009 የተነሣው ቢሊቢሊ ግን ልጓም አበጀለት። ሙሉ አባል ለመሆን 100 ጥያቄ ያለው ፈተና ተቀምጦ 60 ማምጣት ያስፈልግ ነበር፤ ከጥያቄዎቹ መካከል በቪዲዮው ላይ ስለሚበረው ጽሑፍ ሥነ ምግባር የሚጠይቁ ነበሩበት፤ ታሪኩ ሳይደርስ መጨረሻውን መናገር ነውር ነው፣ መሳደብም እንዲሁ። ጽሑፉ የሰው ምስል ጋ ሲደርስ ከኋላው እንዲያልፍ አድርገዋል፣ ፊት አይሸፍንም። ተመልካቹ ሊያደበዝዘው፣ የማይፈልገውን ቃል ሊያግድ፣ ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል። እኔን የገረመኝ በራሪው ጽሑፍ ሳይሆን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ነው።

ለእኛስ ይሆናል? የእኛን አስተያየት መስጫ የሚያውቅ ሰው ያ የዘር ስድብ በተናጋሪው ግንባር ላይ ሲበር ለማየት የሚቸኩል አይመስለኝም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር ፊቱ ይታያል፤ ያበላሸ እንደሆነ ቤቱ ሙሉ ይስቅበታል። በራሪው ጽሑፍ ላይ ግን የጸሐፊው ስም እንኳ አይታይም።

እስካሁን የደረሰን ቲክቶክ ላይቭ ነው፤ እሱ ደግሞ ስሜቱን በገንዘብ ተምኖታል። ጽጌረዳ አንድ ኮይን፣ አንበሳው 29,999 ኮይን። ሁለት ሰዎች ማያ ገጹን ለሁለት ተካፍለው፣ በተቆረጠ ሰዓት ውስጥ ብዙ ስጦታ ለመሰብሰብ ይፋለማሉ፤ «ታፕ ታፕ አድርጉ! ስክሪኑን ነካ ነካ!» ይባላል፤ ስደት ላይ ያለችው ልጅ ከደመወዟ አንበሳ ትወረውራለች፣ ስሟ በጩኸት ይጠራላታል። ሰውየው ምን ተናገረና ነው አንበሳ የተላከለት? ብዙ ጊዜ ምንም። የሚወረወረው ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ነው፤ ምላሹ ከንግግሩ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ታስሯል። ስክሪኑን ነክቶ አንድ ልብ መላክ አንድ ነገር ነው፤ ጣት እስኪደነዝዝ መቶ ልብ መላክ ግን የሚናገረው ስለ ጣቱ ነው።

እኔ ብጠየቅ የምሠራው እንዲህ ነው። ቪዲዮውን መጀመሪያ ሳየው የማንንም ምልክት አላይም፤ ሌላው የሳቀበት ቦታ አስቀድሞ ከታየኝ ሳቁ የእኔ አይሆንም። ሁለተኛ ስመለስ፣ ከፈለግሁ፣ የሰዎቹ ቃል ደቂቃው ላይ ይገለጥልኝ። ቅሬታው ለሕዝብ ሳይታይ በቀጥታ ለሠሪው ይድረስ፤ ምልክት ያደረገ ሰው ቢያንስ አንድ ቃል ምክንያት ይጻፍ። ልብና ሳቂታ ፊት ባይጨመሩም ቅር አይለኝም። በአማርኛ ቃለ ምልልሶች ላይ ግን አንድ ቁልፍ በአስቸኳይ ያስፈልገናል፦ «እዚህ ጋ ድምፁ አይሰማም» የምትል። ሦስት መቶ ሰው 12ኛው ደቂቃ ላይ እሷን ቢጫናት አዘጋጁ ለሚቀጥለው ሳምንት ማይኩን ያስተካክላል።