መኪና ማስፈተሽ ሱኡ ዘን አይደለም



ያገለገለ ላንድክሩዘር ልንገዛ ስንሄድ ብዙዎቻችን የምናየው ቀለሙን ነው። ሻጩ «ወላሂ ንጹህ ናት» ካለ ደግሞ መካኒክ መጥራት ወንድምን መጠርጠር ይመስለናል። አይደለም! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር ያለውን እርጥበት ያገኙት ሻጩ ፊት ነው።

የእነዚህ መኪኖችም ጉዳት ከሥር ነው። ሻንሲው ተሰንጥቆ ተበይዶ ይሆናል፤ ፎር ዊሉም አይሠራ ይሆናል፤ አስፋልት ላይ አይታወቅም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ፎር ዊሉን አፈር ላይ ሞክሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። መካኒኩን እናንተ አምጡ፤ ደላላው ያመጣው (ኮሚሽኑን መቼ እንደሚያገኝ አስቡት) አይቆጠርም።

ሻጩም ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» ቢል ነፃ አይወጣም። ገዢው የመመለስ መብት አለው፤ በፊቅህ ኺያሩል ዐይብ የምንለው ይህንኑ ነው።