ደባርቅ የሚያድር እንግዳ

ሰሜን ተራሮችን በእግሩ ሊያይ ደባርቅ የደረሰ ሰው ብቻውን አይወጣም። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የመግቢያውንና የአዳሩን ሲከፍል ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፤ አልፈልግም ቢል የሚሰማው የለም። አስጎብኚው ከማኅበሩ በተራው ይመጣል። ምግብ አብሳዩ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ፓስታውን ከከተማው ገበያ ሸምቶ ያስራል። ድንኳኑ፣ ምድጃውና ጀሪካኑ በበቅሎ ይጫናሉ፤ በቅሎው ደግሞ ያለ ነጂው አይንቀሳቀስም። እንዲህ እንዲህ እያለ ለሁለት እንግዶች የአራት ቀን ጉዞ አምስት ስድስት ሰው ይሰለፋል።

አጀቡ የሚበዛበት እንግዳ አለ። በተለይ አገሩ ላይ ጓዙን በጀርባው አዝሎ ብቻውን ጫካ ማደር የለመደ ፈረንጅ፣ ይህ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ግን ግጭ በተባለው ማደሪያ ከሚያሳልፈው ሌሊት አያልፍም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግጭ ላይ ያለው ብርድ በዕቃ ያለውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል፤ እንግዳው በሁለት የመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ፣ ስካውቱ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲጫወት ይሰማዋል። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በእነዚህ ተራሮች በኩል አቋርጣ አዲስ አበባ ስትገባ በአብዛኛው ብቻዋን ነበረች ይባላል። እሷም ብትሆን ያለ በቅሎ አልሞከረችውም፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው መጽሐፏም የተሰየመው በበቅሎዋ ነው።

ሰሜን ተራሮችን በተመለከተ ሲወራ ዘወትር የሚነሳው ስንት ጎብኚ መጣ የሚለው ነው። ስንት ሌሊት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በፓርኩ ዙሪያ ላለው ለደባርቅ፣ ለጃናሞራና ለበየዳ ሰው ግን የሚበጀው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከጎንደር በሌሊት ተነስቶ በመኪና ሳንቃበርን አልፎ፣ ጨነቅ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ ጎንደር የሚገባ እንግዳ ከሾፌሩ፣ ከአስጎብኚውና ከአንድ ስካውት በቀር ለማንም እንጀራ አይሆንም። ምግቡ ከጎንደር ሆቴል በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ ነው። በቅሎዎቹ ቆመው ያዩታል፤ መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ያልፋል።

መልክዓ ምድሩም ቢሆን የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,850 ይጠጋል፤ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሐኪሞች የታወቀ ምክር ነው። ሳንቃበር አድሮ ግጭ፣ ግጭ አድሮ ጨነቅ የሚለው የቆየው የአስጎብኚዎች አካሄድ ይህን ምክር በልኩ ይጠብቃል። ከጎንደር ተነስቶ በዚያው ቀን ቧሂት በር ላይ ከ4,200 ሜትር ከፍታ ከመኪና የሚወርደው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ራስ ምታቱን ነው።

በእግሩ የሄደው የሚያየው ሌላ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲኬድ የጅንባር ወንዝ በ500 ሜትር ገደል ተወርውሮ እታች ሳይደርስ ጉም ሆኖ የሚበተንበት ቦታ አለ። ከዚያ የአስታው ዛፍ እየሳሳ፣ የጓሳው ሣር እየሰፋ፣ ጅባራው እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። እሜትጎጎ፣ 3,926 ሜትር ላይ፣ በሦስት ወገን ገደል ነው። እታች በቆላው ተነጣጥለው የቆሙት አምባዎች ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰውን የእሳተ ገሞራ ዐለት ዝናብና ወንዝ ሲሸረሽሩት የተረፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ቆሞ መሄድም ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ጉሙ ግን በአምስት ደቂቃ የሚገለጥበት ጊዜ አለ፣ ሙሉ ጠዋት የማይገለጥበትም ጊዜ አለ።

ጭላዳዎቹ ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። በዓለም ላይ ሣር እየነጨ የሚኖር የዝንጀሮ ወገን ከእነሱ ሌላ የለም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኙም። ሌሊቱን ገደል አፋፍ ላይ ተጣብቀው አድረው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው በመቶዎች ሆነው ይወጣሉ። ሳንቃበር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በመልኩ ለይተው ሲከታተሏቸው ስለኖሩ፣ ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥ ቀና ብለው አያዩትም። ዋልያ ግን እንዲህ አይቀርብም። ዋልያን ማየት የሚፈልግ ጨነቅ አድሮ፣ ማለዳ ገደሉን በዓይኑ መፈተሽ አለበት። በብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑ ስም በየቀኑ የሚጠራው እንስሳ መኖሪያው እነዚህ ገደሎች ብቻ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ከ200 አይበልጥም ተብሎ ተገምቶ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከጨነቅ ወዲያ ያለውን ጥቂቶች ብቻ ይደፍሩታል። ራስ ደጀን ቅርብ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ቧሂትን ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ አምቢቆ ወጥቶ አድሮ፣ በማግስቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የድሮ ትምህርት መጻሕፍት የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ይሉ ነበር፤ አሁን ወደ 4,550 ነው የሚባለው። ሰባ ሜትር መቀነሱ ለወጪው ሰው ጉልበት ብዙም ልዩነት አላመጣም።

ሰሜንን ያዩ የውጭ ሰዎች ከአሜሪካው ግራንድ ካንየን ጋር ማወዳደር ይወዳሉ። ንጽጽሩ በመልክ ብዙም አያስኬድም፤ ያኛው በረሃ ነው፣ ይኼኛው ብርድ። በአሠራር በኩል ግን የሚማሩበት ነገር አለ። ግራንድ ካንየንን በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየዋል፤ አብዛኛው ከአፋፉ ላይ ቆሞ አይቶ የሚመለስ ነው። ወደ ታች ወርዶ ማደር የሚፈልግ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ቀድሞ ያልተመዘገበ ብዙ ጊዜ አያገኝም። በአንድ ቀን ኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ ለመመለስ እንዳይሞከርም የፓርኩ ማስጠንቀቂያ በየመንገዱ ተለጥፏል፤ እዚያ መጀመሪያ ቁልቁለት፣ በኋላ ዳገት ስለሆነ የሰው ጉልበት ያታልለዋል። የሚገርመው በዚያ ሁሉ ሀብት መሀል እቃ የሚያወርደው አሁንም በቅሎ ነው። ከካንየኑ ሥር ላለችው ሱፓይ ለምትባል የነባር ሕዝቦች መንደር ፖስታ ሳይቀር በበቅሎ ይደርሳል። ሄሊኮፕተር ያለው አገር በበቅሎ ካላፈረ፣ ደባርቅ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ደባርቅ በበቅሎ አላፈረም፤ የተሸነፈው በመንገድ ነው። ፓርኩን ሰንጥቆ ጨነቅንና ቧሂት በርን አልፎ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው የመኪና መንገድ ለጃናሞራ ሰው የሕልውና ጉዳይ ነው፤ ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል የምትደርሰው በእሱ ነው። ጃናሞራ ደግሞ ትናንት የተገኘ አገር አይደለም፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ስለዚህ መንገዱን መርገም አያስኬድም። ግን ይኸው መንገድ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ቅርስ አደጋ መዝገብ ውስጥ ካስገቡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ከፓርኩ ውጭ የሚዞር ሌላ መንገድ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። ፓርኩ ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለዚያ መውጣት ከተከፈለው ዋጋ ትልቁን የከፈሉት የግጭ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ መሀል ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። የግጦሹና የገብስ እርሻው ጫና ሜዳውን አራቁቶት ስለነበር ለሣሩ፣ ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው መዳን መነሳታቸው ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን በሬ ጠምዶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ገበሬ ከተማ ገብቶ በአንድ ጊዜ ነጋዴ አይሆንም። ሜዳውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ ዋልያ በየትኛው ቋጥኝ እንደሚወርድ። አስጎብኚነቱ፣ ስካውትነቱና የበቅሎ ነጂነቱ መጀመሪያ ለእነሱና ለልጆቻቸው እንዲሆን ያኔ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባ ነበር። አሁንም አልመሸም።

ከአስጎብኚነት ተነስቶ የት መድረስ እንደሚቻል ማሳያው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተው የሊማሊሞ ሎጅ መሥራቾች ሁለቱ ፈረንጅ እየመሩ ተራራውን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ የአካባቢው አስጎብኚዎች ናቸው።

ያ ሁሉ የእንግዳ ሥራ ግን ቆሟል ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት አዲአርቃይን አልፎ ወደ ደባርቅ ተጠጋ። ትንሽ ጋብ አለ ሲባል፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ራሱ የግጭት አውድማ ሆነ፤ የብዙ አገሮች መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አካባቢው እንዳይሄዱ አስጠነቀቁ። ጎንደር ሆቴሎቿን ይዛ ጠበቀች፤ ደባርቅ የሚጠብቀው ነገር እንኳ አነስተኛ ነው።

እንግዳ ሲጠፋ በቅሎው ሥራ አይፈታም፤ ገብስና ስንዴ ይጭናል። የሚጠፋው ሙያው ነው። በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድንች ቶሎ አይበስልም፤ ይህን በልምድ ያወቀ፣ በአንድ ምድጃ ሾርባውንም ዳቦውንም ለሰዓቱ የሚያደርስ ምግብ አብሳይ በሳምንት ስልጠና አይፈጠርም። ሁለት ቋንቋ ለብቻው ያጠና አስጎብኚ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ የሚመልሰው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሰላም የመጣ ዕለት ሎጅ ለመሥራት ገንዘብ የሚያፈላልግ ብዙ ሰው ይነሳል። እነዚህን ሰዎች ስም በስም መዝግቦ እስከዚያ እንዳይበተኑ የሚያደርግ ግን እስካሁን ብዙም አይታይም። ሥራው የማኅበሮቻቸው፣ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም እና እዚያው ከተማ ውስጥ ያለው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የአገሬው ሰው ነው። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ሃይኪንግ የሚሉት ነገር ተስፋፍቷል፤ ወጣቱ እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ ወይም ወንጪ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ጎንደር ላይ ግን ፋሲል ግቢን በየሳምንቱ የሚያልፍ፣ ሰሜን ተራሮችን ያላየ ሰው ሞልቷል። የፈረንጅ ነገር ተደርጎ ስለተቆጠረ ነው። ደባርቅ ላይም ዋጋው፣ ምግቡ፣ ማስታወቂያው ሁሉ ለፈረንጅ የተሰናዳ ነው፤ አገሬው ቢመጣ ምን እንደሚበላ እንኳ የታሰበበት አይመስልም። በሶና ቆሎ ይዞ፣ ሽሮ ሠርቶ የሚያበላ ጉዞ ከፓስታው ርካሽ ነው፤ ለብርዱም ይሻላል።

ጊዜውም ይመቻል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት ጥር 11 ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ላይ ከየአገሩ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አብዛኛው በዓሉ ባለቀ ማግስት ወደመጣበት ይመለሳል። ጥር ደግሞ ሰማዩ የጠራበት፣ ጓሳው የደረቀበት፣ ለመንገደኛ የሚመች ወር ነው። ከቃና ዘገሊላ በኋላ ባለው ቀን ከጎንደር በአውቶቡስ ደባርቅ፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር፣ አንድ ሌሊት ግጭ፣ በሦስተኛው ቀን ጎንደር፤ ሃያ ሰው ለሚይዝ ቡድን አሥር በቅሎ፣ ሁለት ስካውት፣ ሁለት አስጎብኚና ሦስት ምግብ አብሳይ ይበቃል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጋቢው ሁለት ይሁን፤ ድንኳኑን ማኅበሩ ያከራይ፤ ዋጋው በብር፣ አንድ ላይ ተደምሮ፣ አስቀድሞ ይነገር።