ክብደቱ ስንት ነው?

ባለፈው እሑድ ጋርላንድ፣ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን አንድ ጥያቄ ተነሣ። «ሰው በጣም ተረብሾ ሲጮኽና ሲታገል አምቡላንሶቹ የሚወጉት መርፌ ምንድን ነው?» እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ጥያቄው ግን ስላልለቀቀኝ አነበብኩ።

ከሚታወቁት መድኃኒቶች ሦስቱን ልንገራችሁ። ሃሎፔሪዶል የቆየ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሚዳዞላም ያረጋጋል፣ ያስተኛል፤ በተለይ አልኮል የጠጣ ሰው ላይ ግን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ኬታሚን ደግሞ ፈጣን ነው።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። በኬታሚን ሕመምተኛው በ5 ደቂቃ ገደማ ተረጋጋ፤ በሃሎፔሪዶል 17 ደቂቃ ፈጀ። ነገር ግን ኬታሚን ከተወጉት 39 በመቶ ለሚሆኑት የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አስፈለገ፤ በሃሎፔሪዶል 4 በመቶ ብቻ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ?

መጠኑም ወሳኝ ነው። በ2019 ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ፖሊሶች የ23 ዓመቱን ኢላይጃ ማክሌይንን አንገቱን አንቀው መሬት ላይ ያዙት። ከዚያ ፓራሜዲኮች 500 ሚሊግራም ኬታሚን ወጉት። ክብደቱ 65 ኪሎ ገደማ ነበር፤ እነሱ ግን 90 ኪሎ ገመቱ። በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢሰላ 325 ገደማ ነው የሚመጣው። ልጁ ሞተ። በ2023 ሁለቱ ፓራሜዲኮች በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ።

በእኛ ሥራ የተሳሳተ ቁጥር ካስገባን የተሳሳተ መልስ ይወጣል፤ አርመን እንደገና እንሞክራለን። እዚህ ግን እንደገና የለም።

በብዙ ቤት 911 ደውላችሁ ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙት እናንተ ናችሁ። ክብደቱን ስትናገሩ ኪሎ ይሁን ፓውንድ ለይታችሁ ተናገሩ። የሚወስደውን መድኃኒት፣ መጠጥ መጠጣቱን፣ ስኳር እንዳለበት ንገሯቸው። ስኳር ሲወርድም ሰው ይረበሻል፤ መርፌው ያረጋጋዋል እንጂ ስኳሩን አያስተካክልም። ዳላስ ውስጥ በ2018 ራይት ኬር የሚባል ቡድን ተጀመረ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ፓራሜዲክና ፖሊስ አብረው እንዲመጡ የተቋቋመ ነው። ከመርፌው በፊት በቃል ማረጋጋት ይሞከራል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ሁለት ጥያቄ ነው፦ «እማዬ፣ ክብደትሽ ስንት ኪሎ ነው? የምትወስጂው መድኃኒት ምን ምንድን ነው?» መልሷን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።