የጥንቸል ጀርባና የእናቶቻችን እጅ

«እናንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኬሚካል ምን አገባችሁ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ያገባናል! የለበስነውን ልብስ ያጠበው የሰው እጅ ነውና።

ነገሩን ከእንዶድ እንጀምር። ከጉና ሥር፣ በገሳይም ሆነ በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ የዱቄት ሳሙና ገበያውን ሳይሞላው በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። እናቶቻችን ፍሬውን ሲወቅጡ ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ፤ ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል። ይህን ያስተማራቸው ላቦራቶሪ የለም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሚጠፋበት ዘዴ ከደጃችን ተገኘ ማለት ነው። ከዚያስ? የእንዶድ ደህንነት በውጭ ላቦራቶሪ ካልተመረመረ አይታመንም እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት አክሊሉ፣ የአፍሪካ ምርምር ችግር የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የበለጸጉት አገሮች ሰዎችና ድርጅቶች አድልዎም ነው ብለው በግልጽ ተናግረዋል።

ምርመራ አያስፈልግም አንልም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ መርዝነቱ ሊመረመር ይገባል። ግን እስቲ የቆዳውን ምርመራ እንየው። በ1944 ጆን ድሬዝ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ዘዴ የጥንቸል ጀርባ ይላጫል፣ ኬሚካሉ ይደረግበትና ይሸፈናል፤ መቅላቱና ማበጡ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። በ1981 የወጣው የኦኢሲዲ መመሪያ ኬሚካሉ በቆዳው ላይ የሚቆይበትን ጊዜ 4 ሰዓት አደረገው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከሰው ሴል በላቦራቶሪ በተሠራ ቆዳ መመርመር ተፈቅዷል። ጥንቸሊቱ እንኳን ጠበቃ አገኘች!

ግን ይህ ሁሉ የሚለካው አንድ ጊዜ የተነካ ቆዳን ነው። አጣቢዋ እኮ እጇን ከውሃው የምታወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ነገም ትመለሳለች። ዛሬ የማያቀላ ሳሙና፣ በየቀኑ ሲደጋገም የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይሰነጥቀዋል። በረኪና ሲጨመርበትማ አይነሣ! ለዚህች እጅ ከ0 እስከ 4 ነጥብ የሰጣት ማነው?

«ሴቶቹ ራሳቸው ያውቁታል» ብሎ ማለፍም ስንፍና ነው። እጇ የተሰነጠቀው «ብርዱ ነው» ብላ ቅቤ ቀብታ ዝም ትላለች፤ ያልተጻፈ እውቀት ደግሞ በጉባኤ ፊት ምስክር አይሆንም። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል፤ እንዶድን «የባላገር ሳሙና» ብለን የሳቅነው እኛው ነን። ፈረንጁን ብቻ እንዴት እንወቅሳለን?

ስለዚህ የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ይመርምሩ፣ እኛ ደግሞ ደብተር ይዘን ወንዝ እንውረድ። በምን ታጥባለች? ስንት ሰዓት? በሳምንት ስንት ቀን? እጇ መቼ ተሰነጠቀ? ይህን እንጻፍ። ያን ጊዜ የጥንቸሏ ጀርባ ብቻ ሳይሆን የእናቶቻችንም እጅ ምስክርነቱ ይሰማል።

እስከዚያው ግን፣ ወገኖች፣ ቢያንስ ካልሲያችንን ራሳችን እንጠብ!