የትናንት የአባልነት መታወቂያ የዛሬ ማባረሪያ አይሁን



ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተቀሰቀሰ በሁለተኛው ወር፣ በሰኔ 1990 ዓ.ም.፣ ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግ የኤርትራ ተወላጆችን ከየቤታቸው እየለቀመ በአውቶቡስ ጭኖ ከአገር ማስወጣት ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የተባረሩትን 75,000 ያህል ገምቷቸዋል። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው፣ ነግደውና ግብር ከፍለው የኖሩ ነበሩ።

ጥፋታቸው ምን ነበር? አንዱ የሻዕቢያ አባል ሆኖ መዋጮ ከፈለ ተባለ፤ ሌላው በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በሪፈረንደሙ ድምፅ ሰጠ ተባለ። ሪፈረንደሙ ግን እዚህ አገር የተካሄደው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ሻዕቢያም ያኔ የኢሕአዴግ አጋር እንጂ ጠላት አልነበረም። መንግሥት ራሱ በር ከፍቶ ያስገባውን ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ለምን ገባህ ብሎ መቅጣት ሕግ አይባልም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። የተባረሩት ግን ዳኛ ፊት አልቀረቡም።

«ጦርነት ነበር፤ ሰላይ ቢኖርስ?» የሚሉ አሉ። ሰላይ ካለ ይያዝ፣ ማስረጃ ይቅረብበት፣ ይፈረድበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሲወስን፣ ለጸጥታ ያሰጋሉ ተብለው ተለይተው የወጡትን በተመለከተ ኢትዮጵያን አልኮነነም። በየአካባቢው ሹማምንት በዘፈቀደ ስለተባረሩትና ዜግነታቸውን ስለተነጠቁት ግን ተጠያቂ አድርጓታል። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን በማንገላታቷ በዚያው ኮሚሽን ተጠያቂ ሆናለች። የጎረቤት በደል ግን የእኛን በደል ጽድቅ አያደርገውም።

ይህ የመንዝን ሰው ምን አገባው? እጅግ ያገባዋል! በእኛ አገር የአንዲት ቁራሽ ርስት ድንበር እንኳ ሽማግሌና ዳኛ ሳይሰሙ አይነቀልም። ሰው ከአገሩ ያለ ዳኛ የሚነቀል ከሆነ ግን የማንም ጎጆ አይጸናም። ዛሬ ለሥራ ወይም ለብድር ብላችሁ የተመዘገባችሁበት ፓርቲ ነገ መንግሥት ሲለወጥ መክሰሻችሁ ይሆናል።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. ማንም ሰው በቀድሞ የፓርቲ አባልነቱ ብቻ ዜግነቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን እንዳያጣ በሕግ እንደነግጋለን።
2. ፍርድ ቤት ያልመረመረው የማስወጣት ትእዛዝ እንዳይፈጸም እናደርጋለን።
3. ያኔ የተባረሩ ሰዎች የዜግነትና የንብረት አቤቱታ በገለልተኛ አካል እንዲታይ እናደርጋለን።

መራጮች ሆይ! ሰው በሠራው ወንጀል ይጠየቅ እንጂ ትናንት በያዘው መታወቂያ አይባረር። ድምፃችሁን ለሕግ የበላይነት ስጡ!