ጭሱ ከሰማይ ይታያል፤ ለስካውቱ ማን ይንገረው?

ደን በተቃጠለ ቁጥር የሚሰማ አንድ መልስ አለ፦ «መሣሪያ የለንም»። ለማጥፊያው ከሆነ እውነት ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ገበሬው ቅርንጫፍና አፈር ይዞ ገደል ለገደል ተሯሯጠ። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተቀጣጠለ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪደርሱ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ነደደ። ዋልያ ደግሞ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም።

ለማየት ግን መሣሪያ አልነበረም ማለት አይቻልም። ቪርስ የተባለውን መሣሪያ የተሸከሙት የአሜሪካ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከቀኑም ከሌሊቱም 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋሉ። 375 ሜትር በ375 ሜትር በሆነ ቁራሽ መሬት ላይ ያልተለመደ ሙቀት ሲያዩ ይመዘግባሉ። መረጃው በ3 ሰዓት ውስጥ ፈርምስ በተባለው የናሳ ካርታ ላይ ይወጣል። ማንም ሰው የሚፈልገውን ቦታ በካርታው ላይ አስምሮ ኢሜይሉን ቢያስመዘግብ ማስጠንቀቂያ ይላክለታል፤ አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ደግሞ በየ15 ደቂቃው አፍሪካን ስለሚያነሣ የትልቅ ጭስ ጉዞ በቀን ብርሃን ሊታይበት ይችላል።

«የአገሩ ሰው ጭሱን ከሳተላይት ቀድሞ ያያል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ያያል። የሳተላይቱ ትልቁ ጥቅም ግን እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ነው። ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ መግለጫው ሲነበብ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የሚያልፈው ዓይን ገደሉ ሥር የቀረውን ትኩስ ቦታ ሊያሳይ ይችላል። ደመና ከጋረደው ወይም ፍሙ ትንሽ ከሆነ ያመልጠዋል። ቢሆንም ያንን ካርታ ሳያዩ «በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብሎ መግለጫ መስጠት ቸልተኝነት ነው።

ከዚያ እሳት ስምንት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አመጠቀች። ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሳተላይት ማምጠቅ ሌላ፣ ሳተላይት ያየውን ለሰው ማድረስ ሌላ። የመጀመሪያው ጭብጨባ አለው። ሁለተኛው የሚፈልገው የሌሊት ተረኛ፣ የስልክ ካርድና የስካውቶቹ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ነው። ለዚህ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም።

ካርታውን ያገኙትም ቢሆኑ ሁልጊዜ በአግባቡ አያነቡትም። በታኅሣሥና በጥር የጋምቤላና የደቡብ ሱዳን ካርታ በቀይ ነጥብ ይሸፈናል፤ ወዲያው «አገር ነደደች» የሚል ጽሑፍ በፌስቡክ ይዞራል። አብዛኛው ግን አርብቶ አደሩና ገበሬው በየበጋው የሚለኩሱት የሣር እሳት ነው። ነጥቡ ሙቀት አለ ይላል እንጂ አደጋ ነው አይልም። ይህን የሚለየው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጭስም እንዲሁ ነው። ከላይ የተነሣ ምስል ጭሱ የት እንደሄደ ያሳያል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ይንሳፈፍ ወይም ደባርቅ ላይ ያለች እናት ትተንፍሰው ግን ምስሉ ብቻውን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካናዳ ደን ጭስ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ ሲያደርገው ነዋሪው «ከቤት አትውጡ» የተባለው የሳተላይት ምስል ብቻ ታይቶ አይደለም። መሬት ላይ የተተከሉ የአየር መለኪያዎችም ነበሩ።

በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱም የሳተላይት ምስል ነበረ። ያኔ ኢሜይል ብርቅ ነበር ይባል። ዛሬስ?

የበጋው እሳት ሳይመጣ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ሦስት ነገር ለሕዝብ ይንገር። የሰሜን ተራሮች ማስጠንቀቂያ የሚገባው በማን ኢሜይል ነው? ቅዳሜ ሌሊት ማን ይከፍተዋል? ግጭና ጨነቅ ላይ ላለው ስካውት በስንት ደቂቃ ይደርሰዋል?