ማጌጥ ነውር ነውን?

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍላችንና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአንድ የሙዚቃ ምሽት ከመካከላችን አራት ልጆች የሚያብረቀርቅ ኮት ለብሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጊታራቸውን ይዘው ወደ መድረክ ቢወጡ የአዳራሹ እኩሌታ አጨበጨበላቸው። እኩሌታው ግን «ሐዘኗን ባልጨረሰች ከተማ ይህ ሁሉ ብልጭልጭ ምን የሚሉት ነው?» ሲል አጉረመረመ። እኛም በበኩላችን አሳባችንን ሳንሸፋፍን እንገልጣለን።

ልጆቹ መነሻ ያደረጉት ግላም ሮክ የተባለውን የእንግሊዞች ሙዚቃ ነው። (የዘፈኑን ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1971 የቲ ሬክስ ዘፋኝ ማርክ ቦላን ፊቱ ላይ ብልጭልጭ ነስንሶ በቴሌቪዥን ታየ። በ1972 ደግሞ ዴቪድ ቦዊ ጠጉሩን ቀይ ቀለም ነክሮ፣ ዚጊ ስታርደስት የሚባል ሰው ፈጥሮ በዚያ ሰው ስም ዘፈነ። የዚያን ማታ የብዙ እንግሊዛውያን አባቶች ሻይ ትን ሳይላቸው አልቀረም።

ነቃፊዎቻችን የሚዘነጉት እነዚህ ሰዎች ከወዴት እንደ መጡ ነው። ሁለቱም የተወለዱት በ1947፣ የጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ተጠርጎ ባላለቀባት ለንደን ነው። በአገራቸው ምግብ በራሽን ካርድ መታደል የቀረው በ1954 ነበር፤ የቦላን አባትም የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። ያ ሙዚቃ በገነነበት ዘመን፣ በ1974 መጀመሪያ፣ ከድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ጋር በተነሣው ክርክር ምክንያት ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። መብራት ሲጠፋ መኖር ምን እንደሆነ ለመቀሌ ተማሪ ማስረዳት የሚያሻ አይመስለንም። ስለዚህ ያ ብልጭልጭ የጠገበ ሰው ቅብጠት ነው ቢሉን አንቀበልም፤ ቀለም ያጣ ልጅ ቀለም ሲያገኝ የሚያደርገው ነው።

ብልጭልጩ ብዙ አልቆየም፤ በ1975 ገደማ ረገፈ። ቦላንም በ1977 በመኪና አደጋ ሞተ። የቀረው ሌላ ነገር ነው። ዓይናፋሩ ልጅ ራሱን እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ከጓዳ መውጣት እንደሚችል አየ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ዘፋኞች፣ ከእነርሱም አንዱ ቦይ ጆርጅ፣ መንገዱን ያገኙት በቦዊ በኩል ነው። ሱዚ ኳትሮ የተባለች አሜሪካዊት በ1973 የቆዳ ልብስ ለብሳ፣ ቤዝ ጊታር አንግታ በእንግሊዝ አገር አንደኛ ስትወጣ ያዩ ልጃገረዶችም ጊታር ለመያዝ የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም። በአንጻሩ ኮት ብቻ የነበራቸው፣ ዘፈን ግን ያልነበራቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ብንጽፍ አንባቢ አያውቃቸውምና ቀለም አናባክንም።

በእኛ አገርስ? በ1960ዎቹ የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኝ የነበረው አለማየሁ እሸቴ ጠጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጥሮ የአሜሪካ ዘፈን ይዘፍን ነበር። ኤልቪስ ለቦላንም ለቦዊም አርአያቸው ነበርና ለንደንና አዲስ አበባ ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ማለት ነው። ዳሩ ግን አለማየሁ ራሱ እንደ ተናገረው ዝናው የገነነው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሬኮርድስ መጀመሪያ ያወጣው ሸክላ የእርሱ ነበር። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን ሕይወት ቢያጠፋም፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ ያ ድምፅ ዓለምን ዞረ። አለማየሁ በ2021 ሲሞት ሰው ያስታወሰው ጠጉሩንም ድምፁንም አንድ ላይ ነው። በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድም የሮክ ጊታሩን ከአገራችን ቅኝት ጋር አዛምዶ፣ ስሙን ከአባቶቻችን ልብስ ወሰደ።

ደግሞስ ማጌጥን ከለንደን መማር ያስፈልገን ነበርን? በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የመቀሌ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የአሸንዳውን ቅጠል በወገባቸው አስረው ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። ጦርነቱ በ2022 በስምምነት ከቆመ በኋላ እንደገና ሲወጡ ያየን ሰዎች ወንድማቸውን ረሱ አላልንም። እንዲያውም ከመካከላቸው ሐዘን ያልገባበት ቤት ያላት ስንቷ ነበረች? ሐዘንተኛ የሚያጌጠው ሐዘኑ ስላለቀ አይደለም። ይህን ለእኅቶቻችን ከፈቀድን፣ ሁለት ዓመት ትምህርት ተቋርጦባቸው፣ በዚያ ዕድሜ የሚገባቸውን ጭፈራ ሳይጨፍሩ ለቀሩት ለእነዚያ አራት ልጆች የምንከለክልበት ምክንያት አልታየንም።

በልጆቹ ላይ ቅሬታ የለንም ማለት ግን አይደለም። የዘፈኗቸው ሁለት ዘፈኖች የሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛውም ከኋላ ለተቀመጥነው አልተሰማም፤ የአንደኛው ጊታር ቅኝትም ከሌላው ጋር አልገጠመም። ኮቱ የአንድ ሳምንት ሥራ እንደ ፈጀ ያስታውቃል፤ ዘፈኑ ግን የአንድ ማታ ይመስላል።

ስለዚህ የመዝናኛ ኮሚቴው ስለ ልብስ ደንብ ከመምከር ይልቅ በሳምንት ሁለት ማታ አዳራሹን ለልምምድ ይክፈትላቸው፤ የሚያፏጨውንም የድምፅ ማጉያ ያሠራልን። ልጆቹም ለሚቀጥለው ምሽት በትግርኛ ቢሆን በአማርኛ፣ ወይም በየመጡበት ቋንቋ፣ ራሳቸው የደረሱትን አንድ ዘፈን ይዘው ይምጡ። ኮቱን አያውልቁ።